በትውልድ ቆጠራ የዘለልኋት እናቴ

ቀኝ እጄ የያዘውን ቶሎ አይለቅም። ይህን ስጽፍም እስክሪብቶውን ለማስቀመጥ በፈለግሁ ቁጥር ጣቶቼን በግራ እጄ አንድ በአንድ እየፈለቀቅሁ ነው። ሚስቴ ጥሩዬ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ምላስህም እንዲህ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው ባረፈ!» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ሽማግሌ ሕመሙን መተረክ ሲጀምር ሰው እንደሚሸሽ አውቃለሁ። እኔ ራሴ የሌላ ሽማግሌ ወገብ ሲተረክልኝ «በሬዬ ከሰው ማሳ ገባ» ብዬ ብድግ የምል ሰው ነኝ። የእኔን ግን ታግሣችሁ ስሙኝ። በእኔ እጅ ላይ ቀልድ የነበረው ነገር ልጄን ከወሊድ አልጋ ላይ ሊወስዳት ነበር። ሊወስዳት የነበረውም ማንም ስላላወቀ አይደለም፤ እኔ እያወቅሁ ስለ ደበቅሁ ነው። የምትድሩት ልጅ ያላችሁ፣ ነፍሰ ጡር በቤታችሁ ያለች፣ በተለይ እናንተ ስሙኝ።

ነገሩ የጀመረኝ በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ በአገሬ በጋይንት ቤተ ልሔም ደብር ዜማ ስማር ነው። ውርጭ የጣለበት ጠዋት ነበር። ገና ጸናጽላችንን ከማንሣታችን የኔታ «ቆይ አስቀምጡት፤ መጀመሪያ ቃሉን በሉ» አሉ። ሁሉም አስቀመጠ። እኔ እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ።

«አንተ! አስቀምጥ አልሁ እኮ።»

«እሺ የኔታ።»

«እሺ ካልህ አስቀምጣ!»

«እኔስ እሺ ብያለሁ የኔታ፤ እጄ ነው እሺ ያላለ።»

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። የኔታ ቀርበው «እስቲ ድገመው» አሉኝ። ደገምሁት። ሦስት አራት ጊዜ ስጨብጥና ስዘረጋ እጄ የማንም ሰው እጅ ሆነ። የዚህ በሽታ ተንኮሉ ይኸ ነው፤ ሲበርድ ይብሳል፣ ደጋግመው ሲያሠሩት ይፍታታል፣ ዳኛ ፊት ሲያቀርቡት ደኅና ሆኖ ይገኛል። እንደ ዋሾ ተቆጥሬ ተገረፍሁ። ያን ቀን ግን ከዜማው ይልቅ የሚጠቅመኝ የመሰለኝን አንድ ነገር ተማርሁ፦ ሰው እየሳቀ አይጠይቅም።

ትምህርቱን ትቼ ወደ እርሻ ተመለስሁ። ጠዋት በሬዎቹ ከቆሙ በኋላ እኔ እርፉን ጨብጬ ስቀር ጎረቤት «ይህ ሰው ሥራ ሲወድ!» ይላል። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር እጄን ጨብጦ አልለቅቀው ስል፣ «እንደ እርስዎ የናፈቀኝ ሰው የለም» እለዋለሁ፤ ደስ ብሎት ይሄዳል። አገሩ «መዥገር» ብሎ ስም አወጣልኝ። ስሙን እኔው ራሴ አዞርሁት፤ ሌላው ከሚያዞረው ብዬ።

ኋላ የዓይኔ ቆብ ይወርድ ጀመር፤ በቅዳሴ መካከል ያንቀላፋሁ እየመሰላቸው ሴቶች በክርናቸው ይጎሻሸሙብኛል። ሃምሳ ሳይሞላኝ ዓይኔን ሞራ ጋረደው። እግሬ ቁልቁለት ላይ ይከዳኝ ጀመር። አንዱ ክሊኒክ ሪህ ነው አለኝ፣ ሁለተኛው ነርቭ፣ ሦስተኛው ብርድ። መርፌውን ተወጋሁ፣ ክኒኑን ዋጥሁ፣ ጸበል ገብቼ ሱባኤ ያዝሁ። ጸበሉ ልቤን አሳረፈው፤ እጄ ግን እንዳለ ነው። በሐኪሞቹ አልፈርድም። «ከቤተሰብ እንዲህ ያለው ሰው አለ?» ብለው ሲጠይቁኝ «አለ፤ አጎቴ የሰው መሬት ይዞ አይለቅም» እያልሁ አስቄ እወጣ ነበር።

አለች እንጂ። እናቴ ነበረች።

እናቴ የሺ ውኃ ቀድታ ስትመለስ የእንስራውን ጆሮ እንደያዘች ትቆይና ጣቶቿን በጉልበቷ ትፈልቅቃለች። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አራተኛ ልጇን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ሞተች። ልጁም ከርሷ ጋር። በአገሩ የእናቴን ወገን «እጀ እስሮች» ይሏቸዋል፤ ከዘመዶቻቸው አንዱ የቤተ ክርስቲያን ንዋይ ሰርቆ እጁ ጽዋው ላይ ታስሮ ቀረ፣ ከዚያ ወዲህ ርግማኑ በዘር ወረደ እየተባለ። የእናቴን ስም በአደባባይ ያልጠራሁት ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አልቻልሁም፤ ትልቋ ልጄ ስትወለድ መልኳ እናቴን ቁጭ ስላለ «እናትነሽ» አልኋት።

እናትነሽ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት አንድ ጠዋት ከምንጭ ስትመለስ አየኋት። ጄሪካኑን መሬት አስቀምጣ እጀታውን መልቀቅ አቅቷታል። ወደኔ ዞር ብላ ሳቀች፤ «አባዬ፣ እኔም እንደ እርስዎ መዥገር ሆንሁ።» አባት የሆነ ሰው ያን ጊዜ ልጁን ይዞ ወደ ሐኪም ይሄዳል። እኔ ዘዴ አስተማርኋት። ሰው ፊት እጅሽን ከነጠላሽ ሥር አድርጊ፣ ሙቂው፣ ጨበጥ ዘርጋ እያደረግሽ አፍታቺው፣ ከዚያ አውጪው አልኋት። ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ከኔታ ያላገኘሁትን ምስጋና ከልጄ አገኘሁ።

ከአራት ዓመት በፊት ከእስቴ ሽማግሌ መጣ። የልጁ አባት ቄስ ሞላ አብረው ነበሩ፤ ቀጥ ያሉ፣ ነገር የማይወዱ ካህን። በእኛ አገር ልጅ ከመሰጠቱ በፊት ትውልድ ይቆጠራል፤ በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ቤት፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ፣ በዚያውም አጥንት እንዲታወቅ። የአባቴን ወገን እንደ ዳዊት አወረድሁት። የእናቴ ላይ ስደርስ ምላሴ ቆመ። የሺ ብዬ የአባቷን ስም ብጠራ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «የእጀ እስሮቹ?» ይላል። ጠላዬን ተጎነጨሁና የእንጀራ እናቴን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት መቁጠር ጀመርሁ። ሰባት ቤት አንድም ሳልስት!

ቄስ ሞላ «በአጥንታችሁ የሚወርድ ደዌ የለምን?» አሉ።

«አለ አባ፤ እህል ስናይ ጤና አይሰጠን።»

ቤቱ ሳቀ። ቄስ ሞላም ሳይወዱ ፈገግ አሉ። እናትነሽ ጥግ ላይ እጇን ከነጠላዋ ሥር አድርጋ ተቀምጣለች። ልጄን እንዲህ አድርጌ ዳርኋት።

ሁለት ጽንስ ከወጣባት በኋላ ሦስተኛው ጸና። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳልና በስምንተኛ ወሯ ወደኛ መጣች። ሆዷ ከወሩ በላይ ተገፍቶ ነበር። ጥሩዬ ፈራች፤ እኔ «መንታ ነው፣ አንዱ ለእስቴ አንዱ ለጋይንት» እያልሁ ለመንደሩ አወራሁ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤታችን መጥታ «የእንሽርት ውኃው የበዛ ይመስለኛል፤ ንፋስ መውጫ ከተማ ሄዳ ትታይ» አለች። ታየች። ውኃው በዝቷል፣ ሕፃኑ ውስጥ እምብዛም አይንቀሳቀስም፣ ምጥ ሲመጣ ወዲያው ይዛችኋት ኑ ተባለ። ሕፃን በማህፀን ሆኖ የእንሽርቱን ውኃ መዋጥ አለበት፤ ጉሮሮው የደከመ ሕፃን ካልዋጠ ውኃው ይጠራቀማል። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው መንታውን ነው።

ምጡ ጀመራትና አልገፋ አለ። አንድ ቀን ሙሉ መጣ ሄደ። ከንፋስ መውጫ በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተላክን። ባሏ ደሳለኝና ቄስ ሞላ ከእስቴ በአውቶቡስ ደረሱ። ጥሩዬ ውስጥ ከልጇ ጋር ቀረች፤ እኛ ወንዶቹ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደርን። ከስማዳ ልጇን ይዛ የመጣች አንዲት ባልቴት ከያዘችው ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። «ይብሉ አባባ፤ በባዶ ሆድ መጨነቅ ይከብዳል» አለችኝ። ስሟን ሳልጠይቃት ቀረሁ። ዳቦው እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

ዶክተሯ ወጣች። ከብርቱካን፣ ከትንሿ ልጄ፣ ጥቂት ብትበልጥ ነው። «ኦፕራሲዮን መሆን አለባት፤ ማህፀኗ እየደከመ ነው» አለች። ደሳለኝን ደም እንዲሰጥ ወደ ላቦራቶሪ ላከችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«አባባ፣ ፊቷ ላይም ክንዷ ላይም ድካም አያለሁ። እሷን ስጠይቃት ምንም የለብኝም ትላለች። በቤተሰባችሁ የጡንቻ ሕመም ያለበት ሰው አለ? ወይ በወሊድ ደም ፈሷት የሞተች?»

ልጄ በዚያ ምጥ ውስጥ ሆና እንኳ ያስተማርኋትን ትጠብቃለች። እኔም ተጠየቅሁ። ቄስ ሞላ አጠገቤ ቆመዋል፤ መስቀላቸው ከክንዴ ይነካል።

«የለም የኔ ልጅ» አልሁ። «በእኛ ቤት የደከመ ነገር ቢኖር የእኔ አእምሮ ነው።»

ይህን ቃል ጽፌው እንኳ ማየት ያሳፍረኛል። ቄስ ሞላ ፊት ዋሾ ከምባል ልጄ ትታረድ ያልሁ ያህል ነው። ሌላ ስም የለውም።

ዶክተሯ ወደ ማዋለጃው ክፍል ዞረች። አንዲት ነርስ የኦፕራሲዮኑን የፈቃድ ወረቀት አመጣች፤ ባል ደም እየሰጠ ስለሆነ አባት ይፈርም አለች። ጠዋት ነው፤ ኮሪደሩ ይበርዳል። እስክሪብቶዋን ጠበቅ አድርጌ ይዤ፣ የድሮ ተማሪ መሆኔን ላሳይ ብዬ ስሜን እስከ አያቴ በቁም ጽሕፈት ጻፍሁ። ነርሷ ወረቀቱን ወሰደች። እስክሪብቶው ቀረ።

«አባባ፣ እስክሪብቶውን።»

«እንኪ።»

«ይልቀቁታ።»

«ወዶኝ ነው መሰለኝ» አልሁ፤ በግራ እጄ እየፈለቀቅሁ። የስማዳዋ ባልቴት ሳቀች። ነርሷም ሳቀች። ዶክተሯ በሩን እንደያዘች ቆማ ታየኝ ነበር። እሷ አልሳቀችም። ተመልሳ መጣችና እጄን ያዘች።

«ይጨብጡኝ። ጠንክረው። አሁን ይልቀቁኝ።»

ጨበጥኋት። አለቀቅኋትም።

«ልጅዎም እንዲህ ትሆናለች?»

ቄስ ሞላን አየሁ። ዶክተሯን አየሁ። የምቀልደው ፈልጌ አጣሁ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። «ትሆናለች» አልሁ። «እናቴ የሺም እንዲህ ነበረች። የሞተችውም በወሊድ ደም ፈሷት ነው።»

ዶክተሯ እጇን መንጭቃ ሮጠች። «መርፌውን ቆይ! እንዳትሰጣት!» ስትል ድምፅዋ ከበሩ ወዲያ ተሰማን።

ቄስ ሞላ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ወደኔ ዞረውም፣

«በዚያ ቀን የሺ የምትባል አልቆጠሩልኝም» አሉ።

«አልቆጠርሁም አባ።»

«ታዲያ ማንን ነው የቆጠሩልኝ?»

«የእንጀራ እናቴን።»

መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸውን ያስደነገጣቸው ሌላ ነው። «እንግዲያ ልጆቹ ዘመዳሞች ቢሆኑስ? በእኔ እጅ የቆረቡ ልጆች!» አሉና እጄን ያዙ። «አሁን ይቁጠሩ። የእውነቷን።»

ልጄ ውስጥ በቢላዋ ስር ተኝታ እኔ እናቴን ቆጠርሁ። የሺ፣ አባቷ፣ እናቷ፣ አያቶቿ። እስከ ሰባት ቤት ወጣሁ። ቄስ ሞላ በበኩላቸው በጣታቸው የራሳቸውን ይቆጥራሉ። አንድ ስም ላይ ቆም አሉ፤ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። «አይ፣ የዚህ አባት የስማዳ ነው፤ ሌላ ነው» አሉ። ጨረስን። ዘመድ አይደሉም።

«ተመስገን» አሉ። ከዚያ እንባቸው መጣ። «ሴትዮዋ ግን ምን በደለችዎት?»

ዕድሜዬን ሙሉ ያን ጥያቄ እንዳልጠየቅ ስቀልድ ኖርሁ።

ልጄ ከወገቧ በታች ብቻ ደንዝዛ፣ ነቅታ ወለደች። የማደንዘዣ ባለሙያው ኋላ አስቀምጦ አስረዳኝ። ለሌላው ሰው ጡንቻ የሚያፍታታው መርፌ፣ እንደ እናትነሽ ያለችውን መንጋጋዋን ሊቆልፈው ይችላል፤ የሚያስተኛውም መድኃኒት ትንፋሿን ይዞ ሊቀር ይችላል። ሊያስተኟት ተዘጋጅተው ነበር። መርፌው በእጁ ላይ ነበር። ማህፀንም ራሱ ጡንቻ ነው፤ ከወለደች በኋላ ተጨብጦ ደሙን መዝጋት ሲገባው አልጨበጥ አለ። ደም ፈሰሳት። ዶክተሯ አስቀድማ አውቃ ደም አዘጋጅታ ስለ ነበር ቆመ። እናቴን የገደላት ይኸው ነበር። ርግማን አይደለም፤ ጽዋም የሰረቀ የለም።

የበሽታው ስም ማዮቶኒክ ዲስትሮፊ ይባላል፤ የጨበጠው ጡንቻ ቶሎ የማይላላበት፣ እያደርም የሚመነምንበት፣ በዘር የሚወርድ ሕመም። ለማረጋገጥ ደም ወደ ሩቅ ተልኮ ይመረመራል አሉኝ። ዶክተሯ ግን በትንሽ መዶሻ የአውራ ጣቴን ሥር መታ ስታደርገው ጣቴ ተነሥቶ ሳይመለስ ሲቆይ አይታ «ለእኔ ይበቃኛል» አለች። ለእያንዳንዱ ልጅ በሳንቲም ዘውድና ጎፈር እንደ መጣል ነው፤ ወይ ይወርሳል ወይ አይወርስም። የወረሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከወላጁ ቀድሞ፣ ከወላጁ ብሶ ይታመማል። በእኔ ላይ ጸናጽል የያዘው በልጅ ልጄ ላይ ትንፋሽ ያዘ።

ልጁ ሲወለድ አላለቀሰም። እንደ እርጥብ ጨርቅ ነበር አለችኝ ጥሩዬ። ሙቀት ክፍል ገባ፤ በአፍንጫው ቱቦ የእናቱን ወተት እየሰጡ ሳምንታት አቆዩት። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ጠባ። በማግሥቱ አምስት። ጥሩዬ እንደ ዕልልታ ቆጠረችው።

እናትነሽ በአራተኛው ቀን ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች። ቄስ ሞላ ነግረዋታል። እኔ በር ላይ ቆሜ ባርኔጣዬን አሻለሁ።

«አባዬ፣ ይግቡ።»

ገባሁ።

«አያቴ የሞተችው በዚሁ ነው?»

«በዚሁ ነው ልጄ።»

«እኔ እጃችን የሚያስቅ እጅ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለች። አልጮኸችም። «ስሟን ሰጥተውኝ ሞቷን ደበቁኝ።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ግድግዳው ዞረች፤ እኔም ወጣሁ። ይቅር ያለችኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያውም እንደዚህ፦ ሕፃኑን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና «እንዳይጥሉት፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ መዥገርነትዎ ይጥቀም» አለች። አሁን ልጁ ዓመት ሊሞላው ነው። አንገቱን ያቆማል፤ ለመቀመጥ ገና ነው። ዶክተሯ ዘንድ ሳንሰለች እናመላልሰዋለን።

እናንተን የምለምናችሁ ይህን ነው። በቤታችሁ እጁ የያዘውን የማይለቅ፣ ዓይኑን ገና በጎልማሳነቱ ሞራ የጋረደው ካለ፣ ወይ በወሊድ ደም ፈሷት የሞተች ካለች ለሐኪም ንገሩ። ሴቲቱ ከማርገዟ በፊት ትናገር፤ ካረገዘችም ጤና ጣቢያው ገና ሳይጠይቃት ትናገር፤ ትልቅ ሆስፒታል ባለበት ትውለድ። ማንም ሰው ማደንዘዣ ሊወስድ ሲል፣ ለጥርስም ቢሆን፣ አስቀድሞ ይናገር። እኔ ለመናገር እጄ እስኪያጋልጠኝ ጠብቄያለሁ። የሁሉ ሰው እጅ በሰዓቱ አይደርስም።

ባለፈው ጥቅምት ለብርቱካን ከስማዳ ሽማግሌ መጣ። እሷ ንፋስ መውጫ ትማራለች፤ ልጁን ራሷ መርጣዋለች፤ ሽማግሌው ለወጉ ነው። ትውልድ ቁጠሩ አሉ። የአባቴን አወረድሁ። ቀጥዬ፣ «የእናቴ ስም የሺ ነው» አልሁ። «እጀ እስር ከሚሏቸው ወገን ናት። እጇ የያዘውን አይለቅም ነበር፤ በአራተኛ ልጇ ደም ፈሷት ሞተች። እኔም እንደርሷ ነኝ። ልጄ እናትነሽም እንደኔ ናት።» ከዚያ እስከ ሰባት ቤት ቆጠርሁና እጄን ለትልቁ ሽማግሌ ዘረጋሁ። ጨበጡኝ። እጄ እስኪፈታ ሁላችንም ጠበቅን። የሳቀ የለም፤ እኔም አላሳቅሁም። «ተመካክረን እንመለሳለን» ብለው ወጡ። እስካሁን አልተመለሱም። ይመለሱ አይመለሱ አላውቅም።

ሲወጡ ብርቱካን ከጓዳ መጣች። ልጁን አባረሩብኝ ልትለኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«አባዬ» አለች፤ እጇን ከነጠላዋ ሥር አወጣች። «እኔም ጠዋት ጠዋት እስክሪብቶ አልለቅም ይለኛል። ሁለት ዓመቱ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይስቁበታል ብዬ ነዋ።»

አልሳቅሁም። ሳምንቱን ዶክተሯ ዘንድ ልንሄድ ተስማማን። እጇን ጨበጥሁት፤ እሷም ጨበጠችኝ። ቤቱ ቀዝቅዞ ነበርና ሁለታችንም ቶሎ መላቀቅ አቃተን።